በጎን የሚወረድ ቁልቁለት

ባለቤቴ ከባሕር ዳር ያስነሳኝ በአንድ ቃል ነው፤ "ሜዳ" በሚል ቃል።

ሮቤ ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ከእኔ አንድ ዓመት ቀድሞ ሄዷል። እኔ ነርስ ነኝ። ባሕር ዳር ተወልጄ፣ እዚያው ተምሬ፣ እዚያው ሥራ ይዤ፣ ከቤቴ ሥራዬ በሳይክል የምመላለስ ሰው ነበርኩ። ዝውውር ጠይቂና ነይ ሲለኝ ስለ ብርዱ፣ ስለ ርቀቱ፣ ስለ ቋንቋው አልጠየቅኩትም። "ዳገት አለው?" አልኩት በስልክ።

"ሮቤ? ለጥ ያለች ሜዳ እኮ ናት። የሚታይሽ ስንዴ ብቻ ነው። ሳይክልሽን ይዘሽ ነይ።"

አልዋሸም። ሳይክሌ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጉዛ ሮቤ መናኸሪያ ስትወርድ ከተማዋ እውነትም የተዘረጋች ነበረች። አንድ ረጅም አስፋልት መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ስንዴ የጫነው መኪና ሁሉ እሱ ላይ ነው። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ የሚገቡት መንገዶች በገመድ የተለኩ ይመስል ቀጥ ቀጥ ያሉ ናቸው። የደረስኩ ዕለት ሻንጣዬን ሳልፈታ ጎማዋን ነፍቼ ወጣሁ። ጥቂት ቆይቼ ተመለስኩ።

"እንዴት ናት ከተማዋ?" አለኝ ባለቤቴ።

"አለቀች።"

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ስለ እኔ ማወቅ የሚገባችሁ ነገር ቢኖር መቀመጥ አለመቻሌ ነው። ተማሪ ሳለሁ አስተማሪዎቼ "እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?" ይሉኝ ነበር። ምሳዬን የምበላው ቆሜ ነው። ፊልም ስናይ ባለቤቴ ሶፋው ላይ ተመቻችቶ ይቀመጣል፤ እኔ በሩና መስኮቱ መካከል እመላለሳለሁ። ሳይክል ላይ ብቻ ነው ልቤ የሚያርፈው፤ ምናልባት እግሬ ሲሠራ ሐሳቤ ፋታ ስለሚያገኝ ይሆናል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ምደባዬ መጣ። ጎባ ጤና ጣቢያ ሆነ።

ጎባ ከሮቤ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ተራሮቹ እግር ሥር ያለች አሮጌ ከተማ ናት። ቤት ቀይረን እዚያ እንዳንገባ የምንኖርበት ቤት ባለቤቴ ከሥራው ያገኘው ነው፤ ያለ ኪራይ። ስለዚህ እኔ ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ለመሄድ ተስማማሁ። የተስማማሁት ግን ሚኒባሱን ሳላየው ነው። ሚኒባስ ካልሞላ አይነሳም። ረዳቱ "ጎባ፣ ጎባ፣ አንድ ሰው!" እያለ ይጣራል፤ አንድ ሰው ይገባል፤ አሁንም "አንድ ሰው!" ይላል። በአራተኛው ቀን ጉልበቴ ላይ የአንዲት ገበያተኛ ዶሮ ተቀምጣ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሾፌሩ ወርዶ ሻይ ሲጠጣ አየሁና "በሉ ልውረድ" አልኩ።

"ሲስተር፣ አሁን ሊነሳ ነው እኮ!" አለኝ ረዳቱ።

"እኔም አሁን ልነሳ ነው" ብዬው ሄድኩ። ቤቴ ተመልሼ ሳይክሌን አወጣሁ።

ከሮቤ ወደ ጎባ የሚወስደው አስፋልት ዓይንን ያታልላል። ግራና ቀኙ የስንዴ ማሳ ነው፤ ማሳው ሰፊ ስለሆነ ምድሩ ሁሉ ውኃ ልክ ሆኖ ይታያል። ዓይኔ ሜዳ ነው ይለኛል፤ እግሬ ግን አይደለም ይላል። ከአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ጀምሮ ፔዳሉ ከበደኝ። አንድ ሰው ከኋላዬ ወንበሬን የያዘኝ መሰለኝ። ወርጄ ጎማውን ጫንኩ፤ አየር አለው። ካቴናውን አየሁ፤ ደህና ነው። ከተራራው የሚወርደው የጠዋት ብርድ ደግሞ ፊቴን ይገርፈኛል። ጎባ ስደርስ ሸሚዜ ከውስጥ በላብ ርሷል፤ ጣቶቼ ግን ቁልፍ ለመፍታት እንኳ አልታዘዝ ብለዋል።

በማግስቱ ሳይክሌን ሮቤ ገበያ ጥግ ወደሚሠሩ አንድ ጎሚስታ ወሰድኳት። ከስልጤ አገር ወጣት ሆነው መጥተው እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው። አብዛኛው ሥራቸው የጋሪና የባጃጅ ጎማ ቢሆንም ሳይክልም ይጠግናሉ።

"ጋሼ፣ የኋላ ፍሬኑ ሳይይዝብኝ አይቀርም" አልኳቸው።

ሳይክሏን ገልብጠው ጎማውን አሽከረከሩት። ዝም ብሎ ዞረ፤ ዞረ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው እስኪቆም ጠበቁት።

"የት ነው የያዘሽ?"

"ጎባ መንገድ ላይ።"

"እህ!" አሉና ሳቁ። "ፍሬኑ ምንም አልሆነ። የያዘሽ መንገዱ ነው። ከዚህ እስከ ጎባ ሙሉውን ዳገት ነው፤ አይታይም እንጂ። ጋሪ ነጂዎቹን ጠይቂያቸው። ፈረሱ ነው የሚነግራቸው።"

ሳይክሏ ግን ለባሕር ዳር የተሠራች ናት፤ ማርሽ የላትም። ከአንድ አሮጌ ሳይክል ላይ ካቴናው የሚዞርበትን፣ ትንሽ ከፍ ያለ የኋላ ጥርስ ፈልገው ገጠሙልኝ። "አሁን ትዘገያለሽ፤ ግን ትደርሻለሽ" አሉኝ። መዘግየት የሚለው ቃል አልጣመኝም፤ ቢሆንም አመስግኜ ወሰድኳት።

እንዲህ እያለ ወራት አለፉ። ሰዉ ለመደኝ። መጀመሪያ ላይ ባጃጅ ነጂዎች ጡሩምባ እየነፉ ይሽቀዳደሙኝ ነበር፤ በኋላ ስደክም ካዩ "ሲስተር፣ ከኋላ ያዥ፣ ልጎትትሽ?" ይሉኝ ጀመር። አጨዳ ሲደርስ ኮምባይነሮቹ አስፋልቱን ሞልተው ይመጣሉ፤ ያኔ ከአስፋልቱ ወርጄ ማሳው ጠርዝ ላይ መቆም ነው። ክረምት ሲገባ የአስፋልቱ ዳር ጭቃ ይሆናል፤ ጥቁሩ ጭቃ አንዴ ከጎማና ከጭቃ መከላከያው መካከል ከገባ ሳይክሏን ተሸክሞ መሄድ ይቀላል። ማታ ማታ ግን ተመላሽ ነኝና የጠዋቱን ዕዳ መንገዱ ራሱ ይከፍለኛል። ከጎባ ሮቤ ፔዳል ሳልመታ የምንሳፈፍባቸው ቦታዎች ነበሩ።

የሚያስቸግረኝ ጎባ ውስጥ ያለው የመጨረሻው ቁራጭ ነበር። ጤና ጣቢያው ያለው ወደ ወንዙ ዝቅ ብሎ ነው። ከዋናው አስፋልት ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ዳገቱን ምንም ሳያከብር ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የተቀደደ፣ ኮብልስቶን የለበሰ መንገድ ነው። ሮቤ ቀጥታ መንገድ ያምርባታል፤ ሜዳ ናትና። ጎባ ላይ ያው ቀጥታ መንገድ መሰላል ይሆናል። ጠዋት ፍሬኔን ጨምቄ እየተንቀጠቀጥኩ እወርደዋለሁ፤ ማታ ሳይክሏን እየገፋሁ እያለከለክሁ እወጣዋለሁ። ሌላ መንገድ ይኖር ይሆን ብዬ አንድም ቀን አልፈለግኩም። አጭሩ እሱ ነበር፤ ለእኔ ደግሞ አጭር ከሆነ በቂ ነው።

የወደቅኩት በሐምሌ ነው። ያን ሰሞን ቤንዚን ጠፍቶ ሚኒባሶቹ ማደያ በር ላይ ተሰልፈው ይውሉ ነበር። ከሮቤ የሚመላለሱት የሥራ ባልደረቦቼ እንደማይደርሱ አውቃለሁ። ቀኑ ደግሞ የሕፃናት ክትባት ቀን ነው፤ እናቶቹ ከሩቅ ገጠር በእግራቸው ሲመጡ ይታየኛል። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ካፊያ ነበር። ያን መሰላል መንገድ አናት ላይ ስደርስ ወርጄ ልግፋ ወይስ ልንዳ ብዬ አንድ አፍታ አመነታሁ። ነዳሁ።

ግማሽ ላይ ፍሬኑን ጨመቅኩ። የፊቱም የኋላውም ላስቲክ ርሶ ስለነበር ምንም አልያዘልኝም። ከታች አንድ ሰው ውኃ የጫኑ ሁለት አህዮች እየነዳ መንገዱን ሲሻገር አየሁ። "ዞር በል!" ብዬ ጮህኩ፤ አህያ ደግሞ ጩኸት ሲሰማ ይቆማል። በስተግራ አንዲት ጠባብ መታጠፊያ ነበረች። መሪውን ወደዚያ ጠመዘዝኩት። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የበሰበሰ የባሕር ዛፍ አጥር ሲሰበር የሰማሁትን ድምፅ፣ ቀጥሎም አፌ ውስጥ የገባውን አፈርና የጎመን ቅጠል ነው።

ዓይኔን ስገልጥ ኮፍያ ያደረጉ፣ ሰማንያ የሚጠጋቸው ረጅም ሽማግሌ በላዬ ቆመዋል።

"ያ አላህ! ኢንተላ ኮ፣ ሞትሽ?"

ኢንተላ ኮ ማለት ልጄ ማለት እንደሆነ ያኔ አውቄ ነበር። "አልሞትኩም፣ አባባ" አልኩ።

"አልሐምዱሊላህ። በይ እንግዲያ ተነሺ፤ ጎመኑ ላይ ነሽ።"

ለመነሳት ግራ እጄን ስደገፍ ጮህኩ። ከአንጓው በላይ ጠምሟል። ሽማግሌው አጠገቤ ተንበረከኩና እጄን ሳይነኩ ከላይ እስከ ታች አዩት። ከአጥሩ ስባሪ ሁለት ቀጥ ያለ እንጨት መረጡ፤ ትከሻቸው ላይ የነበረውን ሽርጥ በጥርሳቸው ቀደዱ።

"አስረው ያውቃሉ?" አልኳቸው በፍርሃት፤ ነርስ መሆኔም ትዝ አላለኝ።

"ለበቅሎ አውቃለሁ።"

አሰሩልኝ። ከዚያ ጎረቤት ጠርተው በባጃጅ ሆስፒታል አደረሱኝ። ጀሶ ያደረገልኝ ባለሙያ እንጨቱን ሲፈታ "ማነው ያሰረው? እንዴት ያለ አስተሳሰር ነው!" አለኝ። የክትባቱን ነገር ስጠይቅ አንዲት ጎባ የምትኖር ባልደረባዬ ብቻዋን ስትሯሯጥ እንደዋለች ነገሩኝ። ዝም ብዬ ያን መንገድ በእግሬ ብወርደው ኖሮ ጥቂት ደቂቃ ነበር የማረፍደው።

ለስድስት ሳምንት ጀሶ ታዘዘልኝ፤ ለስድስት ሳምንትም ቁጭ ማለት። ባለቤቴ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሥራውን እየተወ እየመጣ አበላኝ፣ ፀጉሬን አበጠረልኝ። ስለ ሳይክሏ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም መጀመሪያ ላይ አላነሳሁም። በሁለተኛው ሳምንት ግን ቤቱ ጠበበኝ። ከአልጋ ወደ በር፣ ከበር ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ መስኮት ስመላለስ ወለሉን ልጨርሰው ደረስኩ። ለባሕር ዳር የዝውውር ማመልከቻ በቀኝ እጄ ጽፌ ላክሁ፤ ለባለቤቴ አልነገርኩትም። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ኪሎ ስኳር ገዝቼ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ጥርሴን ነክሼ ተቀምጬ፣ ስለ አጥሩ ይቅርታ ልጠይቅ ጎባ ሄድኩ።

ሽማግሌው አጥሩን ራሳቸው ጠግነውታል። ስኳሩን ተቀብለው አስቀመጡና "ለምን በዚያ ወረድሽ?" አሉኝ፤ ሲጠብቁኝ የሰነበቱ ይመስል።

"መንገዱ እሱ ነዋ፣ አባባ።"

"እሱ መንገድ አይደለም። እሱን ቀጥ አድርጎ የቀደደው ሰው ሸክም ተሸክሞ አያውቅም።"

ያን ቀን ማን እንደሆኑ ነገሩኝ። በወጣትነታቸው፣ ተራራውን አቋርጦ የሚያልፈው የመኪና መንገድ ሳይወጣ፣ በቅሎ እየነዱ ከጎባ በላይ ያለውን የሳነቴን አምባ ተሻግረው ቆላ ወዳለው ደሎ መና ይወርዱ ነበር። ከዚህ ገብስና ጨው ይዘው ሄደው፣ ከዚያ ቡናና ማር ጭነው ይመለሳሉ። መኪናው ሲመጣ በቅሎዎቹን ሸጡ። እግራቸው ግን ዳገትን አልረሳም።

"በቅሎ ቁልቁለት ላይ ፊቷን ወደ ታች አትሰጥም" አሉኝ መዳፋቸውን አጋድመው እያሳዩ። "በጎን ነው የምትይዘው። ትንሽ ትወርዳለች፣ ትዞራለች፣ ደግሞ ትንሽ ትወርዳለች። አንቺ ፊትሽን ሰጠሽው። ጭነትሽም ራስሽ ነሽ።"

"ጎባ ውስጥ በጎን የሚወስድ መንገድ የት አለ?"

ከዘራቸውን አነሱ። "ድሮ በቅሎዎቼን ወንዝ ስወስድ በየት የምወስዳቸው ይመስልሻል? ነይ።"

ከዚያን ቀን በኋላ ጀሶው እስኪወጣልኝ ድረስ ጎባ እየሄድኩ ከእሳቸው ጋር በእግሬ እዞር ጀመር። እሳቸው በዝግታ ነው የሚሄዱት። እኔ እቀድማቸውና መታጠፊያው ላይ ቆሜ እግሬን እየቀያየርኩ እጠብቃለሁ። "ሱታ፣ ሱታ!" ይሉኛል ከኋላ፤ ቀስ፣ ቀስ ማለታቸው ነው። አንድ ቀን እንዲያውም ቆጣ አሉ፤ "የምትሮጪ ከሆነ ለምን ምሩኝ ትያለሽ?" ብለው ግንድ ላይ ተቀመጡና አልነሳም አሉ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሥር የሰደዱ ትልልቅ ጥዶች ሥር ነበርን። ያኔ ነው ከበታቻችን ያለውን የሰፈሩን አሠራር መጀመሪያ ያየሁት። ቀጥ ቀጥ ካሉት መንገዶች መካከል፣ ከአንዱ አጥር ጀርባ ወደ ሌላው አጥር ጀርባ፣ ዳገቱን በወገቡ የሚዞሩ ቀጫጭን መንገዶች አሉ። በካርታ ላይ የሉም። ሴቶች ውኃ ይዘው የሚመላለሱት በእነሱ ነው፤ ከብትም በእነሱ ነው የሚያልፈው።

መንገዳችንን ቁራጭ በቁራጭ ቀጣጠልነው። መሰላሉ መንገድ ጋ ሳይደርሱ ከአስፋልቱ ቀድሞ መታጠፍ፤ በመስጊዱ አጥር ጀርባ ማለፍ፤ ከዚያ በአሮጌው እህል መጋዘን በኩል አጋድሞ መውረድ። አንድ ቦታ ላይ አዲስ የተሠራ ግንብ የድሮውን መተላለፊያ ዘግቶት ነበር። ሽማግሌው ግንቡን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉና "እዚህ ጋ ሁለት በቅሎ ጎን ለጎን ያልፍ ነበር" አሉ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የገረማቸው ብቻ ይመስሉ ነበር። ግንቡን ዞረን በቦይ ዳር የምታልፍ አንዲት ጠባብ መሬት አገኘን፤ ሳይክል እየተገፋ የሚያልፍባት። የቀረው ሁሉ የሚነዳ ነው። የመንገዱን ርዝመት በእግሬ ለካሁት፤ ከቀጥታው በእጥፍ ይበልጣል። ጤና ጣቢያው በር ላይ ስንደርስ ግን ጉልበቴ አልተንቀጠቀጠም፤ የሰማንያ ዓመቱ ሽማግሌም አላለከለኩም።

ጀሶው በወጣልኝ ማግስት ሮቤ ገበያ ወደ ጎሚስታው ሄድኩ። ኋላ ላይ ስጠይቀው ባለቤቴ ሳይክሏን ለጥገና እንደሰጣቸው ነግሮኝ ነበር። ሳይክሏ ግን ጥግ ላይ የፊት ጎማዋ ተጣሞ፣ እንደወደቀች ቆማለች። ስድስት ሳምንት ሙሉ አልተነካችም።

"ጋሼ፣ ምነው?"

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ንጹሕ የነበረውን እጃቸውን። "ሲስተር፣ አታስቀይሚኝ። ባለቤትሽ ራሱ ሳይመጣ እንዳልነካት ነግሮኛል። እኔ በባልና ሚስት መሃል አልገባም።"

ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ የተማሪ ፈተና ያርማል።

"ሳይክሌን አስረሃታል።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "አዎ።"

"ለምን አትነግረኝም?"

"ብነግርሽ ምን ልታደርጊ? በሌላ ሳይክል ልትሄጂ ነው።" የፈተናውን ወረቀት ወደ ጎን ገፋው። "ሆስፒታል ስደርስ ጭቃና ደም ሆነሽ ነው ያገኘሁሽ። አንቺ መቀመጥ አትችይም፤ እሺ፣ አውቄ ነው ያገባሁሽ። ግን እኔም በየማለዳው ስልክ እያየሁ መኖር አልችልም።"

"ሜዳ ነው ብለህ ያመጣኸኝ አንተ ነህ።"

"ሮቤ ሜዳ ናት!"

"እኔ ሮቤ አይደለም የምሠራው!"

ከዚያ የዝውውር ማመልከቻ መላኬን ነገርኩት። ያን ያህል የሚጎዳው አልመሰለኝም ነበር። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳና ወደ ጓሮ ወጣ። ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ሲመላለስ እኔ ቁጭ ብዬ አየሁት።

ሲመለስ በሩ ላይ ቆመ። "የወደቅሽበትን ቦታ አሳዪኝ" አለኝ።

"የወደቅኩበትን አላሳይህም። አሁን የምሄድበትን ላሳይህ።"

እሑድ ዕለት ባለቤቴ ራሱ አብሮኝ ስለሄደ ጎሚስታው የእኔን ጠግነው፣ ለእሱም አንዲት አሮጌ ሳይክል አከራዩት። እሱም የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ መንዳት ይችላል። መምህር ከሆነ ወዲህ ግን ፔዳል ረግጦ አያውቅም። የሮቤን ጫፍ እስክንወጣ እያፏጨ ነዳ። ከተማው ውስጥ በኮሪደር ልማቱ የተሠራችው አዲሷ የሳይክል መንገድ ለስላሳ ናት፤ ጎን ለጎን እያወራን አለፍንባት። እሷ ስታልቅ ከከባድ መኪናዎቹ ጋር አስፋልቱን ተጋራን፤ እሱም ማፏጨቱን አቆመ። ከአውሮፕላን ማረፊያው በኋላ ወሬውንም አቆመ። ጎባ መግቢያ ላይ ወርዶ አስፋልቱ ዳር ተጋደመና ሰማይ ሰማይ እያየ "ይሄን በየቀኑ?" አለኝ።

"በየቀኑ።"

"እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኔ ሚኒባስ ነው የምጠብቀው።"

ሽማግሌው ቤታቸው በር ላይ ሆነው ሲያዩን ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። ባለቤቴ እጅ ነስቶ ትከሻቸውን ሳመ፤ እጄን ያሰሩልኝ እሳቸው መሆናቸውን ነግሬዋለሁና። ከዚያ ሁለታችን በመስጊዱ ጀርባ፣ በመጋዘኑ በኩል፣ በቦዩ ዳር እየገፋን፣ እንደገና እየነዳን ወረድን። ባለቤቴ በየመታጠፊያው ፍሬኑን እየያዘ ቁልቁል ያያል። እኔ ከፊት ሆኜ የእሱን ትንፋሽ እሰማለሁ። ታች ስንደርስ ያን ቀጥታ መንገድ ከሥር ወደ ላይ አንጋጦ አየው። ኮብልስቶኑ እርጥብ ነበር፤ ያብለጨልጫል።

"በዚህ ነበር የምትወርጂው?"

"በዚህ።"

እጁን የተሰበረው አንጓዬ ላይ አሳረፈ። "በሌላኛው የምትሄጂ ከሆነ፣ ስልኩን አላየውም" አለ።

ዝውውሩ መልስ ሳያገኝ ወራት ተቆጠሩ። በኋላ ላይ ባሕር ዳር ክፍት ቦታ እንደሌለ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤውን አንብቤ ደስ አለኝ ልል አልችልም፤ አለቀስኩም አልልም። አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና ወደ ሥራ ሄድኩ፤ አርፍጄም አልነበረም። ያቺ በክትባቱ ቀን ብቻዋን የደከመችው ባልደረባዬ ሳይክል ገዛች። ጎሚስታው ለእሷም ከፍ ያለ ጥርስ ገጠሙላት። በቦዩ ዳር ያለችውን ጠባብ መሬት ሁለታችን በአንድ ቅዳሜ ድንጋይ ደለደልንባት፤ አሁን ሳንወርድ እናልፍባታለን።

እኔ ግን አሁንም አላረፍኩም። ዝናቡ አልፎ ጥር ሲገባ፣ ከጎባ በላይ ያለው መንገድ ይጠራኝ ጀመር። አንድ እሑድ ባለቤቴን "እስከምችለው ነው፤ ሲደክመኝ እመለሳለሁ" ብዬው፣ ምሳዬን ይዤ፣ ወደ ሳነቴ አቀናሁ። የኮሶ ዛፎቹን አለፍኩ። ከዚያ ዛፉ እያጠረ ሄዶ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ብቻ ሆነ። አየሩ ሳሳ። ሃያ ጊዜ ፔዳል መትቼ እወርዳለሁ፤ ትንሽ ገፍቼ እንደገና እወጣለሁ። ፀሐይ እያለች ጆሮዬ በብርድ ይቃጠላል። አንድ መታጠፊያ ላይ ስደርስ ከታች ጎባ፣ ከጎባ ወዲያ የሮቤ ማሳ በሙሉ ታየኝ። ከዚያ ላይ ሲያዩት ማሳው ሜዳ እንዳልሆነ ዓይንም ያውቀዋል፤ ወደ ሮቤ አጋድሏል። ከላይ ያለው መንገድ ገና ይጠማዘዛል። ሳምባዬ እምቢ አለኝ፤ ሳይክሏን አዙሬ ተመለስኩ። ፍሬኑ እንዳይግል በየመታጠፊያው እየቆምኩ ስወርድ ጣቶቼ ደነዘዙ።

ሽማግሌው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። አስታው ያለበት ድረስ መውጣቴን፣ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ያለበት መታጠፊያ ላይ መመለሴን በኩራት ነገርኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። "ጥቁሩን ድንጋይ አውቀዋለሁ" አሉ። "እዚያ ስንደርስ እኛ በቅሎዎቹን ገና ውኃ እንኳ አላጠጣንም ነበር።"

"ግማሽ አይሆንም?"

"ግማሽ?" ሳቁና ሳል ያዛቸው። "ኢንተላ ኮ፣ የግማሽ ግማሽ አልደረስሽም። በሚቀጥለው ስትሄጂ ፀሐይ ሳትወጣ ተነሺ፤ ጠዋት ነፋሱ አይከብድም።"

ተቀመጪ አሉኝ፤ ቆሜ ነው ያዳመጥኳቸው። ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚነሳ፣ የቱ ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ፣ በቅሎዎቹ የት የት እንዳረፉ ነገሩኝ። እኔም አንድ በአንድ እየደጋገምኩ በቃሌ ያዝኩት።